የካቲትን የሚያውቀው ሰርቨር

እኔ ትሑት ሰው አይደለሁም። ይህን ገና ከመነሻው ብነግራችሁ ይሻላል፤ ኋላ "ምነው ይሄ ሰው እንዲህ ይንጠራራል?" እንዳትሉኝ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የመሬት መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ ነኝ። ብቸኛው። "ብቸኛው" የምትለዋን ቃል ስናገር ደረቴ ትንሽ ወደ ፊት እንደሚመጣ ባለቤቴ ነግራኛለች። ኮምፒውተር ሲበላሽ የምጠራው እኔ ነኝ። የሠራተኛው ስልክ ሲበላሽም እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት የመዝገብ ቤቱ በር ቁልፍ ውስጡ ሲሰበር የተጠራሁትም እኔው ነበርኩ፤ ከፍቼዋለሁ።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ኮምፒውተር የተባለ ዘር ሁሉ አለ። መዝገብ ቤት ያሉት ዊንዶውስ ናቸው፤ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ፣ አንዱ ደግሞ ሲከፈት የሚያቃስት። የካርታ ክፍሏ ማስተዋል፣ አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ በተወልን ማክ ነው የምትሠራው፤ ማንም እንዳይነካባት ማታ ማታ ነጠላ አልብሳው ትሄዳለች። ሰርቨሩ ደግሞ በገዛ እጄ የጫንኩት ሊኑክስ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ፕሪንተር ማሳተም ሦስት ምራት ባንድ ጓዳ እንደማዋል ነው። እኔ ግን አስማምቼ አውያቸዋለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አጭር ነው፣ አትሰልቹ። ካርታ ከየትኛውም ኮምፒውተር ቢላክ መጀመሪያ ሰርቨሩ ይቀበለዋል። ግርጌው ላይ ቁጥርና ቀን ያስቀምጥበትና ለትልቁ ባለቀለም ፕሪንተር ያሳልፈዋል። ቁጥርና ቀን የሌለበትን ካርታ ፍርድ ቤት አይቀበለውም። ስለዚህ በሰርቨሩ በኩል ያላለፈ ካርታ ምንም ቢያምር ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ በቀር ለምንም አይሆንም።

እሑድ ዕለት መብራት ጠፍቶ ዋለ። ሰኞ ጠዋት ሰርቨሩን ስከፍተው፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታ ኖሮ ቀኑ ጠፍቶበታል። "ቀን አስገባ" አለኝ። ብልሃቴ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ከትክል ድንጋይ የመጡ ባላገር ካርታቸውን ተቀብለው ግርጌውን ካዩ በኋላ "ይህ ቀን የማን ነው? የኛ ወር አይደለም" ብለው አፋጠውን ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ጥሩዬም "እውነታቸውን ነው፤ ምነው በራሳችን ዘመን አይወጣም?" ብለው ሁላችንንም ገሥጸውናል። ያንን አስታወስኩና የሀገሬን ዓመት፣ የሀገሬን ወር፣ የሀገሬን ሰዓት አስገባሁ። ወሩ የካቲት፣ በቁጥር ስድስት፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል። ሰርቨሩ ምንም አላለም፤ ተቀበለኝ። ማንም ሳያዘኝ በገዛ ተነሳሽነቴ ያደረግሁት መሆኑን ልብ በሉልኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ካርታው በየካቲት ቀን ሲወጣ ወይዘሮ ጥሩዬ ራሳቸው አይተው ይደነቁ ብዬ።

ካርታው ግን አልወጣም።

የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ባለጉዳይ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡት መሪጌታ ልሳነ ነበሩ። ጥምጣማቸው እንደ በረዶ የነጣ፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ፀሐይ ቢሆንም ባይሆንም የማይለቁ፣ ድምፃቸው ግን ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሽማግሌ ናቸው። ድጓ ያስተምራሉ፤ ከማስተማሩ ሲመለሱ ደግሞ አንድ ጥማድ የማትሞላ የገብስ መሬታቸውን ያርሳሉ። ያቺ መሬት ናት ጉዳዩ። ጎረቤታቸው አያ ቢምረው የድንበሩን ድንጋይ አንሥተው ወደ መሪጌታ ማሳ አስገቡና "ድንበር ገፍተውብኛል" ብለው ከሰዋቸዋል። ፍርድ ቤቱ ለዓርብ ቀጥሯቸዋል።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "መሬቷ ካቻምና በመሣሪያ ተለክታለች። የተለካችበት ካርታ ከናንተ ዘንድ አለ። እሱን ይዤ ከቀረብኩ ነገሩ አለቀ። ሳልይዝ ከቀረብኩ በሰው ምስክር ይወሰን ይባላል። ምስክር የሚሆን ዘመድ እንደሆነ ደግሞ ቢምረው ዘንድ ሞልቷል። እኔ ያለኝ ያ ካርታ ብቻ ነው።"

"የኔታ፣ አያስቡ፤ አሥር ደቂቃ ነው" አልኳቸው።

ማስተዋል ካርታውን ከማኳ ላከች። ሰርቨሩ ተቀበለ። ፕሪንተሩ ዝም። እንደገና ላከች፤ ዝም። ከመዝገብ ቤቱ ዊንዶውስ ሌላ ካርታ አስላክሁ፤ እሱም ሰርቨሩ ዘንድ ገብቶ ተኛ። "ድራይቨር ነው" አልኩ። ድራይቨር ማለት፣ ለማያውቅ፣ በኮምፒውተሩና በፕሪንተሩ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። እኛ ሙያተኞች ነገሩ ሲጠፋብን ድራይቨር ነው እንላለን። ሐኪም "ጉንፋን ነው" ሲል እንደሚቀለው ለኛም ይቀለናል።

እንግዲህ ድራይቨር መንቀል ጀመርኩ። ከአዲሱ ዊንዶውስ ነቀልኩ፣ ተከልኩ። ከአሮጌው ነቀልኩ፣ መትከል ግን እምቢ አለኝ። የሚያቃስተው ገና ስጠጋው ጠፋ። ከማኩ ልነቅል ስል ማስተዋል ፊቴ ቆመች።

"ይሄን አትነካም! የሚበላሹት የናንተ ናቸው። የኔ ታሞ አያውቅም።"

"ካርታውን የላከው እኮ ያንቺው ነው!"

"ላከ። መላክ ነው ሥራው፤ ልኳል። ሰርቨርህን ጠይቀው።"

መዝገብ ቤቶች ደግሞ "ያ ነጠላ ለባሽ ነው ኔትወርኩን ያሳመመው" አሉ። ማስተዋል ሰማች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ካርታ ክፍልና መዝገብ ቤት ሰላምታ ተቋረጡ። መሪጌታ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ይሰማሉ። ጾም ገብቶ ስለነበር ውኃ እንኳ አልቀመሱም። አመሻሽ ላይ ተነሥተው ጎንደር ካለ የደብር ወዳጃቸው ዘንድ ለማደር ሄዱ። ሲሄዱ መረቁኝ። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

ማክሰኞ ሌላ ዘዴ አመጣሁ። ሰርቨሩን ትቼ ፕሪንተሩን ካንዱ ዊንዶውስ ጋር በገመድ በቀጥታ አገናኘሁት። ካርታው ቁጥር ባይኖረውም ቢያንስ ፕሪንተሩ ጤነኛ መሆኑ ይታያል ብዬ ነው። ከየት እንዳወረድኩት የማላውቀው ድራይቨር ጫንኩና "አትም" አልኩ። ኧረ አተመ! እንዴት ያለ ማተም! እያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር፤ መስመሯ ላይ የፈረንጅ ፊደል፣ መስቀል፣ ቅንፍ፣ የአጋንንት ዓይን የመሰለ ምልክት። ላቆመው ብል አይሰማም። ገመዱን ስነቅለው ያለውን ጨርሶ እስኪያወጣ ቀጠለ። ሁለት እሽግ ወረቀት በላ። ኮሪደሩ ድረስ ፈሰሰ።

መሪጌታ አንዷን ከእግራቸው ሥር አንሥተው ብርሃን ላይ ዘርግተው አዩዋት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ሎቱ ስብሐት! ይህ ጠልሰም ነው። ማነው ያስጻፈው?"

"የኔታ፣ ጠልሰም አይደለም፤ ድራይቨሩ ተሳስቶ ነው።"

"ድራይቨር የምትለው ደብተራ ከየት አገር ነው?"

ወረቀቶቹን ሊረግጡ ስላልወደዱ በጃንጥላቸው ጫፍ እየለቀሙ መንገድ ጠረጉ። ጽዳት የምትሠራው ሴትዮም ከእሳቸው ሰምታ ወረቀቱን በእጄ አልነካም አለች። ሁለት እሽግ ወረቀት ብቻዬን ለቅሜ ጓሮ አቃጠልኩ፤ መሪጌታ ከጭሱ ራቅ ብለው ቆመው እየደገሙ። እኔ፣ ብቸኛው የአይቲ ባለሙያ!

ከሰዓት በኋላ ሌላ ድራይቨር ጫንኩ። ይህኛው የተሻለ ነበር። ካርታው ወጣ፤ ቀለሙ ሸጋ፣ መስመሩ ጥርት ያለ። ፊደሉ ግን የለም። በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ተደርድሯል። የመሪጌታ ስም ስድስት ሳጥን፣ የአያ ቢምረው ስምም ሳጥን፣ ቀበሌውም ሳጥን። መሪጌታ መነጽራቸውን አውጥተው በጣታቸው እየቆጠሩ አዩት።

"እኔ የቱ ነኝ?"

"ይሄኛው ሳጥን።"

"ቢምረውስ?"

"ያኛው ሳጥን።"

"ታዲያ ዳኛው በምን ይለየናል?" ብለው ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝ።

ይሄኔ ነው ወይዘሮ ጥሩዬ የመጡት። ወይዘሮ ጥሩዬ ሲቆጡ አይጮኹም፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፤ እሱ ነው የሚያስፈራው። "ስማኝማ፣" አሉኝ፣ "ነገ እስከ ምሳ ሰዓት ካልሆነ ከባሕር ዳር ሰው አስመጣለሁ።"

ከባሕር ዳር! እኔ ባለሁበት! የጎንደር ሰው የሆነ ሁሉ ያቺ ቃል ምን እንዳደረገችኝ ይገባዋል። ያን ቀን እራት አልበላሁም። ባለቤቴ "ምን ሆንክ?" አለችኝ። "ከባሕር ዳር ሰው ሊያመጡብኝ ነው" ስላት፣ እሷም እራቷን አቆመች።

ረቡዕ ደረሰ። መሪጌታ አግዳሚው ላይ መቀመጥ ሰለቻቸውና ሰርቨሩ ያለበት ጠባብ ክፍል ድረስ ገብተው ከኋላዬ ባለች ዱካ ላይ ተቀመጡ። "ዛሬ አብሬህ እውላለሁ፤ ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው" አሉኝ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ድራይቨር እነቅላለሁ፣ እተክላለሁ። እሳቸው የሰርቨሩን መስኮት ያያሉ። ከዚያ እጃቸው ላይ ያለችውን አሮጌ ሰዓት አዩ። ደግሞ መስኮቱን አዩ። ተነሥተው ወደ ማስተዋል ክፍል ሄዱ፣ ወደ መዝገብ ቤትም ገቡ፣ ተመለሱ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ካልተሳሳትኩ ነው።"

"ይጠይቁኝ፣ የኔታ" አልኩ ሳልዞር።

"ይቺ መሣሪያህ የካቲት መሆኑን ታውቃለች። ሰዓቷም ከኔ ሰዓት አትለይም። የማስተዋል ግን የፈረንጅ ነው የምትቆጥር። የመዝገብ ቤቶቹም የፈረንጅ ነው። ያ ወረቀት የሚተፋው ትልቁ እንኳ ግንባሩ ላይ የጻፈው የፈረንጅ ቀን ነው። እኛ ዘንድ አንዱ ደብር ጾም ላይ ሆኖ ሌላው ፋሲካ ከዋለ አብረው አይቀድሱም። እነዚህስ እንዴት አብረው ይሠራሉ?"

እጄ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ኮምፒውተሮች፣ ወገኖቼ፣ ነገር ከመቀባበላቸው በፊት ሰዓታቸውን ይተያያሉ። ልዩነቱ ከጥቂት ደቂቃ ካለፈ "ይሄ አጭበርባሪ ነው" ብለው ፊት ይነሳሳሉ። ይህን አንደኛ ዓመት ላይ ተምሬዋለሁ። ተፈትኜበታለሁ። ደፍኜዋለሁ! ፕሪንተሩም ሰርቨሩን አይቶ "ይሄ ሰውዬ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ቀርቶ የሚኖር ነው" ብሎ ነበር ሦስት ቀን ሙሉ የናቀው። ድራይቨሩ ምንም አልበደለም። ማኩም አልበደለም። ያ ሁሉ የነቀልኩት፣ ያ ሁሉ ያቃጠልኩት፣ በከንቱ።

ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ፈረንጁ መለስኩት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ትልቁ ፕሪንተር ከወዲያኛው ክፍል አጉረመረመ፤ ሦስት ቀን ተሰልፎ የነበረው ካርታ ሁሉ መውጣት ጀመረ። ማስተዋል እልል አለች። መዝገብ ቤቶች ሮጠው መጡ፤ ሰላምታ ተቋርጠው የነበሩት ሁሉ ተቃቀፉ። የመሪጌታ ካርታ የመጀመሪያው ነበር። የአዋሳኞቹን ዝርዝር የያዘውን ሁለተኛ ገጽ ማስተዋል ገና ስላልላከችው እዚያው ላከችው፤ ወዲያው ወጣ። ወይዘሮ ጥሩዬ ፈረሙ፣ ማኅተም አረፈበት። መሪጌታ ላስቲክ ውስጥ ከተው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ "ይባርክህ ልጄ!" ብለው ወደ መናኸሪያ ሮጡ። ሽማግሌ እንዲያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።

"ለመሆኑ ምን ሆኖ ኖሯል?" አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ።

ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያየኛል። ዓይናቸው ውስጥ አድናቆት አለ። እውነቱን መናገር አንዲት አፍታ ነበረች። እኔ ግን ምን አልኩ?

"ድራይቨር ነው፤" አልኩ፣ "በጣም ከባድ የድራይቨር ችግር።"

በማግስቱ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ። "ባሳዩት ከፍተኛ የሙያ ብቃት" ይላል። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። በቀን አራት ጊዜ በፊቱ አልፍ ነበር፤ መንገዴ በዚያ በኩል ስለሆነ እንዳይመስላችሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። መሪጌታ ናቸው።

"ልጄ፣ ካርታውን አልተቀበሉኝም።"

"ምነው!"

"ቢምረው ግርጌውን አየ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ቀንና የሁለተኛው ገጽ ቀን ስምንት ዓመት ይራራቃል። 'የዚህ መሥሪያ ቤት ካርታ ሁሌም በፈረንጅ ቀን ነው የሚወጣ፤ በዚያ ቢቆጠር ይህ ካርታ የዛሬ ስምንት ዓመት የታተመ ነው፤ መሬቱ የተለካው ካቻምና ነው። ካልተለካ መሬት ካርታ ከየት መጣ? የተጭበረበረ ነው' አለ። እኔ የመጀመሪያው በኛ ዘመን፣ ሁለተኛው በፈረንጅ ነው ብልም፣ ዳኛው 'መሥሪያ ቤቱ ያረጋግጥ' አሉ።"

ገባኝ። ካርታው ሰኞ ሰርቨሩ ዘንድ ሲደርስ ያ የኔው የካቲት ታትሞበታል። ዝርዝሩ ግን ረቡዕ፣ ካስተካከልኩት በኋላ ነው የተላከው። ሁለት ገጽ፣ ሁለት ዘመን፣ አንድ ማኅተም። እኔ በመኩራራት ላይ ስለነበርኩ ግርጌውን አላየሁም።

መፍትሔ አላጣሁም፤ እኔ መፍትሔ አጥቼ አላውቅም። ደብዳቤ ጻፍኩና በወይዘሮ ጥሩዬ አስፈርሜ በመኪና ላክሁ፤ "በሲስተም ችግር ምክንያት የቀን ልዩነት የተፈጠረ መሆኑን እንገልጻለን" የሚል። ሲስተም ሸጋ ቃል ነው። አገራችን ውስጥ ማንኛውንም ጥፋት ይሸከማል፣ አይከሰስም፣ አይታሰርም፣ ይግባኝም አይልም። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ እፎይ አልኩ።

ሰኞ መሪጌታ እንደገና ደወሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

"ደብዳቤህ ተነበበ፤ ይስጥልኝ። ዳኛው ግን 'ይህ ሲስተም የተባለው ማን ነው? ነገ ራሱ ይቅረብ፤ ካልቀረበ በሰው ምስክር እወስናለሁ' አሉ።"

ማክሰኞ ከማለዳው ወደ አምባ ጊዮርጊስ መኪና ተሳፍሬ ወጣሁ። ኮቴን ለብሻለሁ፣ ጫማዬን አስጠርጌያለሁ። መንገዱን በሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። "የሰዓት አለመናበብ"፣ "በአገልጋይ ኮምፒውተሩ እና በአታሚው መካከል የተከሠተ ክፍተት"። ከተማው ውስጥ ስገባ ጥናቴ አልቋል። ማንም ምንም እንዳይገባው አድርጌ ነው ያዘጋጀሁት።

የፍርድ ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሏል። የገበያ ቀን ስለነበር ጉዳይ ያለውም የሌለውም ገብቷል። አያ ቢምረው ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው፤ ከኋላቸው ምስክር የሚሆኑት ዘመዶቻቸው አግዳሚውን ሞልተውታል። መሪጌታ ብቻቸውን ናቸው። ላስቲኩን በሁለት እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ማልሁ፣ ቆምሁ።

"ሲስተም የተባልከው አንተ ነህ?" አሉ ዳኛው።

ሰው ሳቀ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ክቡር ዳኛ፣ ነገሩ በአገልጋይ ኮምፒውተሩ እና በአታሚው መካከል የተከሠተ..."

"ቆይ፣" አሉ አያ ቢምረው፣ "እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ይንገረኝ። ቀኑን የቀየረው ሰው ነው ወይስ መሣሪያው ራሱ ነው? ሰው ከሆነ ስሙን ይናገር። መሣሪያው ራሱ ከሆነ፣ ቀን የሚዋሽ መሣሪያ ድንበር አይዋሽም ያለ ማን ነው?"

እኚህን ሰው ነው ያልተማሩ የሚሏቸው! "መሣሪያው ነው" ብል ካርታው ወደቀ፣ መሬቷም አብራ ሄደች። "ሰው ነው" ብል ደግሞ ያ ሰው እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈችው ደብዳቤ በዓይኔ መጣች። ወዲያው መሪጌታን አየሁ። እሳቸው አያዩኝም። እውነቱን ያውቁ ነበር፤ ሰዓቱን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ቀኑን ያስገባሁት እኔ መሆኔን ቢናገሩ መሬታቸውን ያድናሉ። እኔን አዋርደው ሊያድኗት አልፈለጉም፤ እስክናገር ይጠብቁኛል።

"ሰው ነው፣" አልኩ፣ "ክቡር ዳኛ፣ እኔ ነኝ። መሣሪያው አልዋሸም። መብራት ጠፍቶ ቀኑ ሲጠፋበት፣ በፈረንጅ ማስገባት ሲገባኝ በኛ ዘመን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። አለቃዬ እንዲደነቁ ብዬ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የታተመበት ቀን የኛው የካቲት ነው፣ የዘንድሮው። መሬቷ ያኔ ከተለካች ዓመት አልፏታል። ሁለተኛው ገጽ ፕሪንተሩ ሦስት ቀን አልሠራ ብሎ ቆይቶ፣ ቀኑን ካስተካከልኩ በኋላ የተላከ ነው።"

"ሦስት ቀን ሙሉ ፕሪንተሩ እንዳይሠራ ያደረግኸውም አንተው ነህ?"

"አዎ፣ ክቡር ዳኛ። ድራይቨር መስሎኝ የቀረውንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሁለት እሽግ ወረቀትም አቃጥያለሁ።"

"ስሕተቱን ማን አገኘው?"

"መሪጌታ ናቸው።"

"አንተስ ለጥፋትህ ምን ተባልክ?"

ይህን መመለስ አይጠበቅብኝም ነበር። አፌ ግን አንዴ ተከፍቷል። "የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠኝ" አልኩ።

አዳራሹ ፈነዳ። የአያ ቢምረው ዘመዶች አግዳሚውን እየደበደቡ ሳቁ። ጸሐፊዋ መጻፍ አቅቷት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዳኛው ራሳቸው ፊታቸውን በመዝገቡ ከለሉት። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ፤ ይገርማችኋል፣ አላፈርኩም። ጭራሽ ደረቴ ወደ ፊት መጣ። ባለቤቴ ብታየኝ ታውቀው ነበር።

ሳቁ ሲያበቃ ዳኛው ብዙም አልቆዩም። የቀኑ ልዩነት የሠራተኛ ስሕተት እንጂ ማጭበርበር አይደለም፣ ካርታው ተቀባይነት አለው፣ ድንበሩ ካቻምና በተለካው ይጽና፣ የተነሣው ድንጋይ ቦታው ይመለስ ብለው ወሰኑ። መሪጌታ ተነሥተው እጅ ነሡ። ካርታቸውን አጣጥፈው ላስቲኩ ውስጥ መለሱት።

ውጭ በሩ ላይ አያ ቢምረው ዱላቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ። አሁን ነው ጉዴ የሚፈላ አልኩ። እሳቸው ግን ከጋቢያቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

"አንት ልጅ፣ ይቺ የላይኛው ማሳዬ ካርታ ናት። እኔም ያን ሳምንት ነው ከናንተ ያወጣኋት። እስቲ ግርጌዋን እየው።"

አየሁት። ያው የኔው የካቲት።

"ነገ እኔን ሰው ቢከሰኝ ምን ይውጠኛል?"

"ይደውሉልኝ፣ አያ ቢምረው። መጥቼ እመሰክርልዎታለሁ። ጎንደር ከመጡ ደግሞ አስተካክዬ አወጣልዎታለሁ። ያን ሳምንት ካርታ የወሰደውን ሁሉ ከመዝገብ አውጥቼ አስጠራለሁ።"

"ዛሬ ባልክበት አፍህ?"

"በዚሁ አፌ።"

ወደ መሪጌታ ዞሩ። "በሉ እንሂድ፤ ድንጋዩን ልመልስ። ምስክርዎ እያለ ይሁን፣ ኋላ ደግሞ በዚያ እንዳንካሰስ።"

ሦስታችን ተያይዘን ወጣን። ካርታውን ዘርግቼ የምመራው እኔ ነኝ፤ የተጠረገ ጫማዬ አቧራ ለብሷል። ድንጋዩን ሁለቱ ሽማግሌዎች አንሥተው ቦታው ላይ አኖሩት። መሪጌታ በመሬታቸው ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ተራመዱ፤ አንዴ ሄዱ፣ አንዴ ተመለሱ፤ ያችን ታህል ናት። የገብሱን ገለባ ጎንበስ ብለው ዳሰሱና ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ስንመለስ ከገበያ የምትገባ አንዲት የሰፈራቸው ሴት መንገድ ላይ አገኘችን። የመሪጌታን ጉልበት ስማ፣ እኔን ከኮቴ እስከ ጫማዬ አቧራ አየችኝ።

"የኔታ፣ ይህ የከተማ ሰው ማነው?"

የአይቲ ባለሙያ ነው ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ መሪጌታ ቆም አሉ፤ ጃንጥላቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ፤ በዚያ ለቤተ ክርስቲያን በሚበቃ ድምፃቸው፣ ከወዲያ ማዶ እስኪሰማ፣ "ይህማ ዳኛ ፊት ቆሞ፣ 'እኔ ነኝ ያጠፋሁት' ያለው ነው!" አሉ።

እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ሰላም አልኳት።